የእንግዳ ቀቢ ውለታ

ከባሕር ማዶ ለሁለት ሳምንት በጎ ፈቃድ የሚመጣ ተማሪ፣ በጉና ሥር የገጠር ትምህርት ቤት ግድግዳ ሲቀባ ማየት ልብ ያሞቃል። ከደብረ ታቦር ቀለም ቀቢ መጥራት ይቻል ነበር፤ እሱ ግን ለመቀባት ገንዘብ ይጠይቃል፣ ፎቶም አያነሳም። በአውሮፕላን ቲኬቱ ዋጋ ሌላ ክፍል ይሠራ ነበር የሚል ካለ፣ ምቀኛ ነው።

ያሳደሩት እናት አልጋቸውን ለቀው ምድጃ ዳር አጎዛ ላይ ይተኛሉ። እግር ያጥባሉ፣ ድንች ይቀቅላሉ፣ ቡና ያፈላሉ። ሲሰናበቱ እንግዳው «ኅብረተሰቡን አገልግሏል» የሚል የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ለእሳቸውም ይገባ ነበር፤ ግን ማንን አገለገሉና?

አገሩ እንዲህ ላለው እንግዳ አዲስ አይደለም። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡ አውሮፓውያን እዚሁ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ ሰፍረው ነበር። ንጉሡ ስብከቱን አመስግነው መድፍ አሠሯቸው፤ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖልም ተወለደ።

ያኔ የእንግዳውን ሥራ የሚመርጠው ባለቤቱ ነበር።