የዋኖሶቹ ተራ

ተረት ተረት።
የላም በረት።

በሐዋሳ፣ በባህል አዳራሹ ደጃፍ ከቆመ አንድ ዋርካ ላይ ሁለት ያረጁ ዋኖሶች ይኖሩ ነበር። ጎጆ የወጡት ገና ላባቸው ሳይጠና ነው። ጎጆ ማለትም ጥቂት ጭራሮ ማጋደም ብቻ ስለሆነ፣ ከዛፉ ሥር የቆመ ሰው በመሐሉ ሰማይን አሾልቆ ያያል። ዋኖስ ለቤቷ ብዙ አትጨነቅም። የምትጨነቀው ለተራዋ ነው።

ዋኖስ የምትጥለው ሁለት ዕንቁላል ነው። ቀን ወንዱ ይታቀፋል፤ ሌሊት ሴቷ ትታቀፋለች። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉም አባትም እናትም ከጉሮሯቸው ወተት የመሰለ ምግብ እያወጡ ያጎርሷቸዋል። ከአእዋፍ ወገን እንዲህ የሚያደርግ አባት ጥቂት ነው። እነዚህም ሁለቱ እንደዚሁ ልጆች አሳደጉ፤ አንዱ ወደ ታቦር ተራራ፣ ሌላዋ ወደ ጥቁር ውሃ ሸንበቆ ሄዱና ጎጆው ባዶ ሆነ።

ተራው ግን አልቀረም። ፀሐይ ወደ ሐይቁ ማዶ ስታዘቀዝቅ እመት ዋኖስ ከውሃ ዳር ትመጣና ጠርዙ ላይ ታርፋለች።

«ይነሱ እንግዲህ፣ ተራዬ ነው።»

«ገና ፀሐይ አልገባችም እኮ።»

«ይነሱ ብያለሁ። እግርዎ ይደነዝዛል።»

አያ ዋኖስ ይነሣል። እሷ ይዛ የመጣችውን አንዲት የጤፍ ፍሬ ለሁለት ይካፈሏታል። ከዚያ አንገት ለአንገት ተጠጋግተው አንድ ጊዜ ያዜማሉ። በዓላቸው ይኸው ነው፤ ነጋ ጠባ የሚደገም፣ ጠሪ የሌለው።

ሌላም ነበራቸው። የልጅ ወንጭፍ የሰበረው የአያ ዋኖስ ክንፍ የዳነበትን ቀን በየዓመቱ ሐይቁ ዳር ወርደው ያከብሩታል። ዋኖስ ውሃ ስትጠጣ እንደ ዶሮ አንገቷን ቀና አታደርግም፤ ምንቃሯን ነክራ ትስባለች። ሁለቱም ጎን ለጎን ይነክራሉ፤ እኩል ይጨርሳሉ። ያን ቀን የሰማ ድንቢጥም ጅግራም መጥቶ አብሯቸው ይጠጣል። የበልግ የመጀመሪያ ጠብታ ቅጠል ላይ ያረፈ ዕለትም እንደዚሁ ነው።

አንድ ዓመት የአእዋፍ ጉባኤ በአዳራሹ ጣሪያ ላይ ተጠራ። ሰብሳቢው አያ አሞራ ነበር፤ በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ከአጥማጆቹ እግር ሥር የማይጠፋው፣ ረጅሙ፣ ራሰ በራው። ክፉ አልነበረም፤ ለወገኑ ትልቅ ነገር የሚመኝ ነበር።

«ሰዎች ይህን የመሰለ አዳራሽ ሠርተዋል» አለ። «እኛ ግን ደስታችንን በየቅርንጫፉ እየበተንን ትንሽ ሆነን ቀረን። ከዛሬ ጀምሮ የጎጆ በዓል ይቅር። ሁሉም ፍሬውንም ዜማውንም ያጠራቅም። በዓመት አንድ ቀን፣ እዚህ፣ በአንድነት እናክብር።»

ይብራው አጨበጨበ። ዳክዬዋ አጨበጨበች። እመት ዋኖስ ቃል ጠየቀች።

«ልጄ፣ የሰዎቹን ካነሣህ እኔም ከዚህ ዋርካ ላይ ሆኜ ያየሁትን ልናገር። የሲዳማ ኮከብ ተመልካቾች፣ አያንቶዎች፣ ከዋክብትን አይተው የነገሩት የዘመን መለወጫ፣ የፊቼ ቀን ሲደርስ፣ ሰው መጀመሪያ የሚገባው ቤቱ ነው። ያን ምሽት ቤተሰቡ በሻፌታ ገበታ የቀረበውን የእንሰት ምግብ፣ ቡርሳሜን፣ ዙሪያውን ከቦ ይበላል። በማግሥቱ ልጆች ‹አይዴ ጫምባላላ› እያሉ በየደጁ ይዞራሉ። የቄጣላው ጭፈራ፣ የጉዱማሌ አደባባይ፣ ሺህ ሰው፣ ይህ ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው። አንተ ከመጨረሻው ልትጀምር ነው።»

«እማማ፣ የእርስዎ ዘመን ሌላ ነው» አላት በትሕትና። ጉባኤው ወሰነ፤ ተበተነ።

ያ ዓመት ጸጥ ያለ ዓመት ሆነ። ድንቢጦች ፍሬያቸውን ቆጥረው አስቀመጡ። ንጋት ላይ የሚያዜም ታጣ፤ ዜማው ለበዓሉ ይቀመጥ ተብሏልና። በዚያ ዓመት የተፈለፈሉ ጫጩቶች ጎረቤት ሲመጣ ምን እንደሚባል ሳያውቁ አደጉ። ሁለቱ አሮጌዎች ብቻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ማታ ማታ ተራቸውን ይለዋወጡ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ጣሪያው በፍሬና በዓሣ ተሞላ። ከሐይቁ ዙሪያ ያልመጣ ወፍ የለም። አያ አሞራ «እንደሰት!» አለ፤ ማንም ድምፅ አላሰማም። አንዱ ሌላውን ያያል፤ ያስቀመጠው ዜማ ከጉሮሮው አልወጣለትም። ከዚያ እያንዳንዱ ፊቱን አዞረና ያመጣውን ብቻውን ይለቅም ጀመር። ይህን ሳስብ ሆዴ ይባባል፤ ያን ያህል ምግብ ተዘርግቶ አንድም «እንካ» የሚል አልተገኘም።

አሮጌዎቹ ዘግይተው መጡ። የአያ ዋኖስ ክንፍ የድሮው ስላልሆነ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እያረፉ ነበር። ፀሐይም እየገባች ስለነበር፣ ጣሪያው ጠርዝ ላይ እንደቆሙ እመት ዋኖስ «ተራዬ ነው» አለችና ፍሬዋን ከፈለች።

አጠገባቸው የነበረ ጫጩት አያቸው። «ምን እያደረጋችሁ ነው? ዕንቁላል የለም እኮ።»

«ዕንቁላሉማ ድሮ አልቋል» አለው አያ ዋኖስ። «እሷ ግን አለች።»

አያ አሞራ ሰማ፤ ደስም አለው። «አባባ፣ እማማ፣ እባካችሁ መሐል ላይ ውጡና ሁሉም ይይ!» አለ። ወጡ። ፍሬዋን ከፈሉ፤ አንገት ለአንገት ተጠጉ። ከኋላ ያሉት «ምን አደረጉ?» ይባባላሉ፤ ከፊት ያሉትም ሁለት ያረጁ ዋኖሶች ከመቆማቸው በቀር ያዩት የለም። አያ አሞራ ግራ ገብቶት «እንደገና፣ ትንሽ ጎላ አድርጋችሁ» አለ።

«ጎላ አይልም፣ ልጄ» አለችው እመት ዋኖስ። «ከሩቅም አይታይ። ቤታችን ኑ፤ ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ኑ፤ ጎጆዋ ጠባብ ናት።»

በማግሥቱ ያ ጫጩት እናቱን ይዞ መጣ። በሦስተኛው ቀን ጅግራና ባሏ መጡ። ከጊዜ በኋላ አያ አሞራ ራሱ መጣ፤ ከቁመቱ የተነሣ ጎጆዋ አጠገብ አንገቱን እጥፍ አድርጎ ነው የቆመው። የጤፍ ፍሬ ተካፈለ። ሲሄድ ከገበያው የአምባዛ ቁራጭ ይዞ፣ ለብዙ ጊዜ ወዳልጠየቃት ሚስቱ ዘንድ በረረ። የተከለከለውንም የጎጆ በዓል ያን ሌሊት ራሱ ፈቀደ።

በተከታዩ ዓመት በአዳራሹ ጣሪያ ላይ አእዋፍ ሲሰበሰቡ ጫጫታው ከምግቡ ቀድሞ ደረሰ። አሮጌዎቹ አልመጡም፤ በዚያ ሰዓት ተራ ይለዋወጡ ነበር።

ተረቴን መልሱ።

እመት ዋኖስ ያነሣችው በዓል፣ ፊቼ ጫምባላላ፣ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። የሲዳማ አፈ ታሪክ ስለ በዓሉ አጀማመር የሚያወራው ግን ስለ አንዲት ሴት ነው፤ በዓመት አንድ ጊዜ በወተትና በቅቤ የተሠራ ቡርሳሜ ይዛ ወላጆቿን ልትጠይቅ ትሄድ ነበር፤ ያመጣችውንም ጎረቤቶች አብረው ይቀምሱ ነበር።