ኔትወርክ የሚሉት ሰውዬ

በወለጋ ከተሞች ከቀበሌ ሊቀመንበሩም፣ ከባንክ ሥራ አስኪያጁም፣ ከማደያው ባለቤትም በላይ የሚጠበቅ አንድ ሰውዬ አለ። ደመወዝ አይቀበልም፣ ወንበር የለውም፣ መልኩን ያየ የለም። ሲመጣ ሥራ ይጀመራል፤ ሲሄድ አገር ምድሩ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ስሙ ኔትወርክ ነው። በእንግሊዝኛ «ኤ»ን ከ«ቢ» የማይለይ ሰው ሁሉ ይህችን ቃል አሳምሮ ያውቃታል። የሚወራለትም እንደ ባለሥልጣን ነው፦ «መጣ እንዴ?» «አሁን እዚህ ነበር፣ ሄደ።» «ከሰዓት አይጠፋም ይላሉ።»

የቋንቋ ሊቃውንት «አውታረ መረብ» ብለው ተርጉመውልን ነበር። ይሁንና ባንክ በር ላይ ቆሞ «አውታረ መረቡ ተቋርጧል» የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ሰበብ ማጠር አለበት፤ ረጅም ሰበብ ጥያቄ ያስከትላል።

ምሥራቅ ወለጋ ውስጥ፣ ኑኑ ቁምባ ላይ የገበያ ቀን ነው እንበል። አንድ ሽማግሌ ከበቆሎ ሽያጭ ያስቀመጧትን ብር ሊያወጡ ከሩቅ ቀበሌ በእግራቸው መጥተዋል። ብሩ ካዝና ውስጥ አለ። ካዝናው ከግድግዳው ጀርባ አለ። ከፋዩ መስኮቱ ላይ አለ፤ ደብተሩ በሽማግሌው እጅ አለ። የሌለው ሰውዬው ብቻ ነው። ለኦሮምኛ ተናጋሪው «ኔትወርኪን ሂንጅሩ» ይባላል፣ ለአማርኛ ተናጋሪው «ኔትወርክ የለም»። ቋንቋ ሳይመርጥ ሁሉንም እኩል የሚመልስ አገልግሎት ከዚህ ሌላ አላየሁም። ከፋዩ ልጅ ትሁት ነው፤ «ሲመጣ እንደውልልዎታለን፣ ኦቦ» ይላል። ሽማግሌው ትንሽ ያስቡና «በምኑ፣ ልጄ?» ይላሉ።

ባንኩ ሁልጊዜ ይዋሻል ማለቴ አይደለም። ድሮ ሒሳብ በእጅ በሚጻፍ ትልቅ መዝገብ ላይ ይሰፍር ስለነበር መብራትም ስልክም ቢጠፋ ብር ይከፈል ነበር፤ ነቀምቴ ያስገቡትን ኑኑ ላይ ማውጣት ግን አይታሰብም። አሁን ሒሳቡ ሁሉ በአንድ ማዕከል ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ከየትም ይወጣል፤ መስመሩ የተቆረጠ ቀን ደግሞ ከየትም አይወጣም። ይህ የታወቀ ነው። ችግሩ እውነተኛው ኔትወርክና የውሸቱ ኔትወርክ አንድ ስም መያዛቸው ነው። ከመስኮቱ ወዲህ የቆመ ሰው መስመሩ ተቆርጦ ይሁን፣ ጥሬ ገንዘብ አልቆ ይሁን፣ ወይስ ከፋዩ ምሳ ሰዓቱ ደርሶበት ይሁን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ሦስቱም «ኔትወርክ» ናቸው።

ከባንኩ ወጥተን ወደ ማደያው እንሂድ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ ሒሳብ በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በስልክ ይከፈል ተብሏል። የባጃጁ ሹፌር ብር ስልኩ ውስጥ አለ፤ ቤንዚኑ ጉድጓዱ ውስጥ አለ። ሹፌሩና ቀጂው ተፋጠው፣ ስልካቸውን ወደ ሰማይ አንስተው፣ ፀሎተኛ መስለው ይቆማሉ። በዚሁ ዓመት ሁለተኛ የስልክ ኩባንያ ሥራ ሲጀምር «አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይደርስልናል» ተብሎ ነበር። ሁለት ሲም የያዘው ሁሉ አሁን ሁለት ሰበብ ይዞ ይዞራል።

ቃሉ አንዳንዴ ለደግ ነገርም ይውላል። ለፋይዳ መታወቂያ አሻራ ሲሰጥ፣ ዕድሜ ልኩን እርፍ የጨበጠ እጅ የጣቱ መስመር ስለሚያልቅ ማሽኑ አላነብም ይላል። መዝጋቢው ወጣት «አባ፣ ጣትዎ አልቋል» ከሚል «ኔትወርክ ነው፣ ትንሽ ይጠብቁ» ይላል። አባም ቅር ሳይላቸው ጥላ ፍለጋ ይሄዳሉ። ቃሉ እንዲህ ሥር የሰደደው ለዚህ ይመስለኛል፦ ማንንም አያሳፍርም። የሚያስቀይመውን ሁሉ ተሸክሞ የሚሄድ፣ መልስ የማይሰጥ፣ ክስ የማይመሠረትበት ፍጡር ተገኝቷል።

የዘር ሐረጉ ሲቆጠር ደግሞ ሰውዬው መጤ አይደለም። አያቱ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ይባሉ ነበር። አባቱ «መስመር የለም» ነው፤ ሞባይል በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት፣ ሰው ቴሌ ጽሕፈት ቤት አግዳሚ ላይ ተራ ይዞ በሚውልበት ዘመን የነገሠ። በአያቱ ጊዜ ቢያንስ የሚታማ ሰው ነበር። ኃላፊው ማታ ጠጅ ቤት ታይተው ይሆናል፤ ስብሰባውም የዘመድ ሠርግ ሆኖ ተገኝቶ ይሆናል፤ እንደዚያ ተባለና ተሳቀ። የልጅ ልጃቸው ግን ጠጅ ቤት አይገባም። ማን ይይዘዋል?

ከገጠሩ ቀበሌዎች ደግሞ ሰውዬው የሚወደው አንድ ጉብታ አይጠፋም። ስልክ የያዘ ሁሉ እዚያ ይወጣል። ቁልቁል ሲናገር እንዳይቆራረጥ ይጮኻል፣ ሲጮኽ ደግሞ መንደሩ ይሰማል። የማን ብድር እንዳልተመለሰ፣ የማን ልጅ ጂማ ላይ ትምህርት እንዳቋረጠ፣ የማን ሽማግሌዎች ተመልሰው እንደተላኩ ሁሉ ከጉብታው ይታወጃል። ታዲያ የሚያስቀው፣ አዲስ አበባ ያለው ልጅ «እማዬ፣ አይሰማኝም፣ ኔትወርክ ነው!» የሚለው እናቱ «ብሩን መቼ ትልካለህ?» ባለችበት ቅጽበት ነው። ስለ አንጮቴውና ስለ መስቀል ስታወራለት ግን ጥርት ብሎ ይሰማው ነበር። መንደሩ በሙሉ የእናትየዋን ጥያቄ ሰምቷል፤ ያልሰማ እሱ ብቻ ነው።

ይኸው ቃል ሌላ ፊትም አለው፤ ይሄኛው ዝናብ አይበጥሰውም፣ መብራት አያጠፋውም። በኢሕአዴግ ጊዜ «1 ለ 5» የሚሉት ኔትወርክ ነበር። ገበሬውም ተማሪውም በአምስት በአምስት ተጠርንፎ፣ ማን ምን እንዳለ ሳይውል ሳያድር ከላይ ይደርስ ነበር። አንቴና አልተተከለለትም። ዛሬም «እሱ እኮ ኔትወርክ አለው» ከተባለ ስለ ስልኩ አይደለም፤ ሰው አለው ማለት ነው። «ኔትወርክ የለም» ተብሎ ሰልፉ በተበተነበት ባንክ፣ በጓሮ በር ገብቶ ብሩን እየቆጠረ የሚወጣ ሰው አይታችሁ ከሆነ ሁለቱ ኔትወርኮች ሲገናኙ አይታችኋል። አንደኛው ሲጠፋ ነው ሁለተኛው ጎልቶ የሚሠራው።

ይህን ሁሉ በሳቅ ማለፍ ይቻል ነበር፤ የ2012 ዓ.ም. ነገር ባይኖር። በዚያ ዓመት የገና በዓል ሊገባ ቀናት ሲቀሩት በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋረጠ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በወቅቱ እንደዘገበው፣ በምሥራቅ ወለጋ ስልክ የሚሠራው በዋና ዋና ከተሞች ብቻ ነበር። እንግዲህ የገጠር ሰው ልጁን ለማናገር ከተማ መውጣት ነበረበት ማለት ነው። ይህ ለሦስት ወር ያህል ቆየ። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገር ውስጥ ሲገኝ፣ ሌላው ኢትዮጵያዊ ስልኩን ባነሳ ቁጥር እጁን እንዲታጠብ ሲነገረው፣ አብዛኛው ወለጋ የሚያነሳው ስልክ አልነበረውም። የገረመኝ ግን አነጋገራችን ነው። ያኔም «ኔትወርክ የለም»፣ «ኔትወርክ ጠፋ» ነበር የምንለው፤ በገዛ እግሩ ተነሥቶ የሄደ ይመስል። አልጠፋም፤ ተዘግቷል። የሚዘጋ ደግሞ እጅ አለው። መስኮት ላይ ያለው ልጅ ምሳውን የሚደብቅበት ቃል፣ ከዚያ ከፍ ያለው ሰው ቁልፉን የሚደብቅበትም ሆኖ አገለገለ።

ስለዚህ ቃሉን እናግድ አልልም፤ ማን ይሰማኛል። ከኋላው አንድ ሁለት ቃል ይጨመርለት ብዬ ግን እለምናለሁ። «መስመሩ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተቆርጧል፣ እየተጠገነ ነው፣ እስከ ዘጠኝ ካልተመለሰ ነገ በጠዋት ይምጡ» የሚል ሰው ተሰድቦ አያውቅም። «ጥሬ ገንዘብ አልቋል» ያለም አልተደበደበም። ገበያተኛው ቢያንስ ጨውና ስኳሩን በዱቤ ይዞ፣ ሳይመሽ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ይህን ስል ለራሳችንም እሰጋለሁ። አንድ ቀን እውነት ኔትወርክ አገሩን ሁሉ ቢሸፍን፣ ከኑኑ ቁምባ ጉብታ እስከ ደምቢ ዶሎ ቆላ ጥርት ብሎ ቢሰማ፣ መጀመሪያ የምንጎዳው እኛው ነን። አበዳሪው ሲደውል ምን ልንል ነው? እናት ስለ ብሩ ስትጠይቅስ? ደግነቱ ብዙ አያሳስብም። «ባትሪ ጨረስኩ» የሚሉት ታናሽ ወንድሙ ሥራውን ከወዲሁ እየተለማመደ ነው።