ዓለም ከመጥፋቷ በፊት አይብ አምጣ፦ በኦንላይን የጀብዱ ጌሞች ውስጥ ስለ መላላክ የቀረበ ጥናት

የጥናቱ ዳራ

በኦንላይን የጀብዱ ጌሞች ዓለም ሁልጊዜ ልትጠፋ ነው። ወይ ዘንዶ ከእንቅልፉ ነቅቷል፤ ወይ ወራሪ ጦር ድንበር ላይ ሰፍሯል፤ ወይ አንድ የሞተ ንጉሥ የሙታን ሠራዊቱን እያሰለፈ ነው። ይህን ሁሉ ጉድ ማስቆም የሚችለው አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ ትንቢት ተነግሯል፤ ሰውዬውም ወርሃዊ ክፍያውን ያላስተጓጎለው ተጫዋች ነው። እስከዚህ ድረስ በአጥኚዎች መካከል የሐሳብ ልዩነት የለም። ነገሩ የሚወሳሰበው ጀግናው ትጥቁን አጥብቆ ሲነሳ ነው። መንደሩ ዳር የቆሙ አንዲት እናት ይጠሩትና «ልጄ፣ እግረ መንገድህን 8 የከርከሮ ጉበት ብታመጣልኝ» ይሉታል። ያመጣል። ይህ ጥናት የተነሳው ለምን እንደሚያመጣ ለማወቅ ነው።

ጉበቱ ከአየር ላይ የተቀዳ ምሳሌ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2004 በወጣው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ውስጥ ዌስትፎል የሚባል የገበሬዎች አገር አለ። አገሩን ዴፊያስ የሚባሉ ሽፍቶች ይዘውታል፤ አለቃቸው ኤድዊን ቫንክሊፍም ከመሬት በታች፣ ዋሻ ውስጥ፣ የጦር መርከብ እያሠራ ነው። በዚሁ አገር ወይዘሮ ሳልማ ሳልዲን የተባሉ የገበሬ ባለቤት ለሚጋግሩት ፓይ 8 ጉበት ያስፈልጋቸዋል። ለሚሠሩት ወጥ ደግሞ 3 የአሞራ ሥጋ፣ 3 የመርሎክ ዓይን፣ 3 የከርከሮ አፍንጫና 3 ባሚያ ይሻሉ። ጀግናው ሁሉንም ለቃቅሞ እስኪመጣ ድረስ መርከቡ ስንት ቀን እንደሚቀረው የጠየቀ የለም። መርከቡም የትም አልሄደም።

የችግሩ መግለጫ

ዋናውን ታሪክ የማያራምድ ኩዌስት (ለተጫዋቹ የሚሰጥ ተልእኮ) በተጫዋቾች ዘንድ ፊለር ይባላል። ይህ ጥናት ፊለርን በሦስት ምድብ ከፍሎታል።

አንደኛው ገድሎ መቁጠር ነው፦ 10 ተኩላ ገድለህ ተመለስ። ተኩላዎቹ ምን እንዳጠፉ አይነገርም፤ አሥረኛው ከሞተ በኋላ አሥራ አንደኛው ለምን እንደሚማርም እንዲሁ። ሁለተኛው ማድረስ ነው፦ ይህን ደብዳቤ እዚያ ማዶ ለሚታየው ሰውዬ ስጥልኝ። ሰውዬው ከመታየትም አልፎ ሲያስነጥስ ይሰማል፤ ላኪው ግን አንድም ቀን ተጣርቶ አያውቅም። ሦስተኛው ሪፖርት ማድረግ ነው፦ የሆነውን ሁሉ ሄደህ ለአለቃዬ ንገር። አለቃው የሆነውን ሁሉ ቀድመው ሰምተዋል፤ ቢሆንም ከባለጉዳዩ አንደበት መስማት ይፈልጋሉ። የቀሩት ዓይነቶች በሙሉ የእነዚህ የሦስቱ ዲቃላ ናቸው።

ማሳያ አንድ፦ የሰኮና ጥያቄ

በዚያው በዋርክራፍት ዓለም፣ ባረንስ በሚባለው ደረቅ ሜዳ መካከል፣ ክሮስሮድስ የምትባል የመንገድ መገናኛ መንደር አለች። እዚያ የደረሰ ጀማሪ ከሚታዘዛቸው ሥራዎች አንዱ 4 የዜቭራ ሰኮና ማምጣት ነው። ዜቭራ የሜዳ አህያ የሚመስል፣ ግንባሩ ላይ አንድ ቀንድ ያበቀለ እንስሳ ነው። እግሩ አራት ነው። በእያንዳንዱ እግር ጫፍ ላይ ሰኮና በግልጽ ይታያል። በሒሳብ ከሄድን አንድ ዜቭራ ለአንድ ጀግና ይበቃል፤ ሁለት የገደለ አባካኝ ነው።

ሜዳው ግን ሒሳብ አያውቅም። የመጀመሪያው ዜቭራ ይወድቃል፤ ሲፈተሽ ሰኮና የለውም። ሁለተኛውም የለውም። ሦስተኛው አንዲት ሰኮና ያስረክባል፤ በቀሩት ሦስት እግሮቹ ምን ለብሶ ሲሮጥ እንደነበረ ሳያስረዳ ይሞታል።

ጥናቱ ለዚህ ሦስት መላምቶችን መርምሯል። አንደኛ፣ ዜቭራው ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ሲገባው ሰኮናውን ይውጣል። ሁለተኛ፣ የባረንስ ዜቭራዎች ድሆች በመሆናቸው ጥቂት ሰኮናዎችን በተራ ይጫማሉ። ሦስተኛ፣ እንስሳው በሞተ ቁጥር ጌሙ ከመጋረጃ ጀርባ ዕጣ ያወጣል፤ ሰኮና የሚገኘውም ዕጣው ከወጣ ብቻ ነው። ትክክለኛው ሦስተኛው ነው። ሜዳ ላይ ቆሞ ሬሳ የሚፈትሽ ተጫዋች የሚያምነው ግን ሁለተኛውን ነው።

ዕጣው ያለ ምክንያት አልገባም። ሰኮና በእግር ልክ ቢታደል ሥራው በአንድ ደቂቃ ያልቅና ተጫዋቹ «ቀጥሎስ?» ይላል። ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ደራሲ ተቀምጦ የሚጽፈው፣ ሠዓሊ የሚስለው፣ ተዋናይ ድምፁን የሚያውሰው ታሪክ ነው። ወራት የፈጀ ታሪክ ለአንድ ሥራ ፈት ተጫዋች ለቅዳሜና እሑድ እንኳ አይበቃም። ሰኮና ግን ርካሽ ነው፤ አንድ አንቀጽ ጽሑፍ፣ አንድ እንስሳና አንድ ቁጥር ይበቃዋል። ቁጥሩ ከ4 ወደ 40 ቢያድግ ደመወዝ የሚጨመርለት ባለሙያ የለም። አሜሪካ ውስጥ ወርሃዊ ክፍያው 14.99 ዶላር በሆነበት ጌም የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው ተረት ምክር ሳይሆን የሥራ ዕቅድ ነው።

ዕቅዱ እ.ኤ.አ. በ2007 ይበልጥ ተሟላ። በዚያ ዓመት የዕለት ኩዌስት የሚባለው ሥርዓት ጌሙ ውስጥ ገባ። ተጫዋቹ ዛሬ የፈታውን ችግር ባለችግሩ በማግስቱ እንደ አዲስ ያቀርብለታል። ሲያቀርብ አያፍርም፤ ትናንት መተዋወቃቸውንም አያነሳም።

ማሳያ ሁለት፦ የጠላት ትዕግሥት

ፋይናል ፋንታሲ 14 እ.ኤ.አ. በ2010 ወጥቶ ክፉኛ የወደቀ፣ ናኦኪ ዮሺዳ ተረክቦ እንደገና ካሠራው በኋላ በ2013 ከሞት የተነሳ ጌም ነው። በታሪኩ ውስጥ ታይታን የሚባል ምድር አንቀጥቃጭ ግዙፍ ተጠርቶ መጥቷል። ጀግናው ሄዶ ሊገጥመው ይገባል። መንገዱን የሚያውቁት ግን ከዓመታት በፊት ታይታንን ያሸነፉ፣ ዛሬ ጡረታ የወጡ ተዋጊዎች ናቸው። ሽማግሌዎቹ ጉዳዩን ከሰሙ በኋላ በመጀመሪያ ድግስ መደገስ እንዳለበት ይወስናሉ።

ለድግሱ ወይን ያስፈልጋል። ሥጋ ያስፈልጋል። አይብ ያስፈልጋል። አይቡ ተራ አይብ ስላልሆነ ጀግናው ከሌሎች ሦስት ተጫዋቾች ጋር ቡድን መሥርቶ፣ በጠላት የተወረረ የጎብሊኖች ሰፈር ሰንጥቆ፣ መጨረሻ ላይ ዘንዶ ይገድላል። ሌላ አገር ቢሆን ዘንዶ የገደለ ሰው ሐውልት ይቆምለታል። እዚህ የተሰጠው አይብ ነው፤ እሱንም ያደርሳል። ድግሱ ተበልቶ፣ ወይኑ ተጠጥቶ ሲያበቃ ሽማግሌዎቹ ነገሩ ፈተና እንደነበረ ይገልጹለታል። ጀግናው ታይታንን ለመግጠም ብቁ መሆኑ በመስተንግዶ ተረጋግጧል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ታይታን ተራራው ላይ ነው። አንድ መንደር አልደረመሰም፤ ምን ነካችሁ ብሎ መልእክተኛ አልላከም። ጀግናው በመሃል ዓሣ ማጥመድ ቢማር፣ አናጢነት ቢለምድ፣ ፈረስ የምታክል ጫጩቱን ሲቀልብ ቢሰነብት ታይታን ቅር አይለውም። በምድራችን ላይ ቀጠሮ በማክበር ከሚታወቁ ሕዝቦች መካከል እንኳ እንዲህ ያለ የሚጠብቅ ሰው አልተገኘም። ጀግናው በመጨረሻ ታይታንን ጥሎ አባል ወደ ሆነበት ማኅበር ጽሕፈት ቤት ሲመለስ ግን ጓዶቹ ተጨፍጭፈዋል። አደጋውን የጣለው ሌላ ጠላት፣ አንድ ግዛተ አፄ፣ ነው፤ የግዛተ አፄው ጦር አይብ የመጠበቅ ልማድ እንደሌለው ከዚህ እንረዳለን።

ጽሕፈት ቤቱን በተመለከተ አንድ ነጥብ መነሳት አለበት። በዚህ ዓለም ጀግኖች በየከተማው በቆሙ ትልልቅ ክሪስታሎች አማካይነት በቅጽበት ይጓጓዛሉ። ዌኪንግ ሳንድስ የሚባለው ጽሕፈት ቤት ያለባት የወደብ ከተማ ቬስፐር ቤይ ግን ክሪስታል የላትም። ስለዚህ የዓለም ተስፋ የተጣለበት ሰው እስከ ሆራይዘን በአስማት ይመጣና የቀረውን በእግሩ ይኳትናል። ሲደርስ አለቃይቱ ሚንፊሊያ አመስግነው ወደ መጣበት ይመልሱታል። እዚያ ሲደርስ ደግሞ ወደ ዌኪንግ ሳንድስ እንዲመለስ ይነገረዋል። አዘጋጆቹ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2020 መቀስ አንስተው ከእነዚህ ኩዌስቶች ብዙዎቹን አሳጠሩ ወይም ጣሉ። ከዚያ በፊት ያለፉት ዛሬም አዲስ ተጫዋች ሲያማርር በሰሙ ቁጥር እንደ አርበኛ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

ማሳያ ሦስት፦ መላላክ በጠራ መልኩ

እንግሊዝ አገር የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2001 የጀመረው ሩንስኬፕ፣ ሌሎቹ ሊሸፋፍኑት የሚሞክሩትን ነገር አደባባይ አውጥቶ አንድ ሙሉ ኩዌስት አድርጎታል። ስሙ ዋን ስሞል ፌቨር፣ ማለትም አንዲት ትንሽ ውለታ ነው።

አንድ የጥንት ዕቃ ነጋዴ ከጫካ ጠባቂው ጥቂት ቀይ እንጨት እንድታመጣለት ይለምንሃል። ጫካ ጠባቂው መጥረቢያው ደንዟል፤ ይሳልልኝ ይላል። መጥረቢያ ሳዩ ለወዳጁ በፍርድ ቤት ስለ ጠባዩ የሚመሰክርለት ሰው ይፈልጋል። ምስክሯ ጠንቋይ ናት፤ እሷ ደግሞ የጠፋ ሰው አፈላልግልኝ ትላለች። ሰውዬውን ያገቱት ዶሮ ካልመጣልን አንለቅም ይላሉ። ዶሮ አርቢው ኬጅ ይፈልጋል። ኬጅ ሠሪው ታሟል። መድኃኒት ቀማሚው የሚገጥም ክዳን ያለው ማሰሮ አጥቷል። ከሸክላ ሠሪዋ ወዲያ ጉዳዩ ወንበዴነት ሰልችቶት መንፈሳዊ ሕይወት ወደ ተመኘ ድንክ፣ ከድንኩም ወደ አብራሪ፣ ከአብራሪው ወደ አየር ትንበያ ይሻገራል፤ እዚያም አያበቃም። የመጨረሻው ችግር ሲፈታ ጀግናው በዚያው ሰንሰለት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ እያንዳንዱን ሰው እያነጋገረ፣ እያንዳንዱን ምርቃት እየተቀበለ።

የይዞታ ጉዳይ ይዞ ክፍለ ከተማ የተመላለሰ አንባቢ ይህን ሰንሰለት ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። ልዩነቱ ሩንስኬፕ ውስጥ «ዛሬ ሲስተም የለም» የሚል አለመኖሩ ነው። በስተመጨረሻ ለጀግናው የችሎታ ልምድ የሚያስገኙ ሁለት መብራቶችና አንድ የብረት ቁልፍ ማያያዣ ይሰጡታል።

የጥናቱ ግኝት

ከላይ የቀረበው ማስረጃ ተጫዋቾች ፊለርን እንደሚጠሉ ያመለክታል። እነሱም ይህንኑ ይናገራሉ። ይሁን እንጂ ጥናቱ ከአነጋገራቸው ይልቅ አኳኋናቸውን መመልከት መርጧል።

በባረንስ ማንክሪክ የሚባል ተዋጊ ነበረ። በጦርነት የጠፋች ሚስቱን ፈልጉልኝ ይላል፤ የት እንደምትገኝ ግን በቅጡ አይናገርም። ስለዚህ ሜዳው ላይ ያለ ሰው ሁሉ የማንክሪክ ሚስት የት ናት እያለ በጋራው የጽሑፍ መስመር እርስ በርሱ ይጠያየቅ ነበር። አንዱ ያላግጣል፤ አንዱ ይሳደባል፤ አንዱ ደግሞ መንገዱን ያሳያል። በዋናው ታሪክ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም። ትንቢቱ ለእያንዳንዱ ለብቻው ተነግሮታል፤ አጠገቡ የቆመው ሰው እሱም ብቸኛው የዓለም አዳኝ እንደሆነ እያወቁ ሁለቱም በጨዋነት ዝም ይላሉ። ትንቢት ያለያየውን ሕዝብ አንድ ያደረገው ሰኮና ነው።

ወሳኙ ማስረጃ የተገኘው እ.ኤ.አ. በኦገስት 2019 ነው። የዋርክራፍት አምራች ብሊዛርድ ጌሙን በቀድሞ መልኩ፣ ዋርክራፍት ክላሲክ ብሎ፣ ከነጉበቱና ከነሰኮናው እንደገና ከፈተው። ታሪኩን ሁሉም ያውቀዋል፤ መርከቡ የት እንዳለ፣ ማን እንደሚሞት፣ የማንክሪክ ሚስት የት እንደወደቀች የማያውቅ አልነበረም። ሕዝቡ ግን ለመግባት ብቻ ሰዓታት ወረፋ ጠበቀ። ከገባ በኋላም አንድ ተፈላጊ ጠላት በሚነሳበት ቦታ ላይ ማንም ሳያዛቸው ረጅም ሰልፍ የያዙ ተጫዋቾች ታዩ። ትንቢት የተነገረላቸው ብቸኛ አዳኞች፣ ሰይፍና በትራቸውን ይዘው፣ አንድ ወንበዴ ተነስቶ ሞቶ እንደገና እስኪነሳ ተራቸውን ጠበቁ። ታሪኩን ፈልገው ቢሆን ኖሮ ቤታቸው ቁጭ ብለው ያስታውሱት ነበር።

ከዚህ በመነሳት ጥናቱ የደረሰበት ድምዳሜ የሚከተለው ነው። ዘንዶው፣ ትንቢቱና የሞተው ንጉሥ በሁለት መላላክ መካከል ያለውን ክፍተት ለመሸፈን የገቡ ናቸው። ፊለሩ ታሪኩ ነው።

የመፍትሔ ሐሳብ

ለጌም አምራቾች፦ አይቡ ይቅር ማለት አይቻልም፤ ቢያንስ ቬስፐር ቤይን የመሰሉ ከተሞች መንገድ ይሠራላቸው።

ለተጫዋቾች፦ ሰኮና ያልተገኘበትን ዜቭራ መስደብ ምንም እንደማይፈይድ ታውቆ፣ ቀጣዩን መግደል።

ዓለምን ለማጥፋት ላሰቡ ኃይሎች፦ እስካሁን ባለው ልምድ በጦር፣ በድግምትና በወጥመድ ጀግናውን ማስቆም አልተቻለም። ለዚህ የሚወጣው በጀት በአስቸኳይ ይሰረዝ። በምትኩ ምሽጋችሁ በር ላይ አንድ ሽማግሌ ይቀመጡና ሥራቸው ባልዲ ጠፋብኝ ማለት ብቻ ይሁን። ባልዲው ሲገኝላቸው ገመዱን ይጠይቁ።