ከማሽኑ በፊት ሁለት ጆንያ

«የአዲስ አበባ ሰው ቆሻሻ መለየት አይችልም» ይላሉ የከተማው የቆሻሻ ፕላን አውጪዎቻችን። እንዴት አይችልም? ጠዋት በየሰፈሩ «ቆራሌው!» ሲባል ጆሮ ይስጡ። ያረጀው ጫማ፣ የተበሳው ድስት፣ ጠርሙሱና ቆርቆሮው ከአልጋ ስር ይወጣል፤ በብር ተከራክረን እንሸጠዋለን። ብረቱ ምናለሽ ተራ ገበያ ገብቶ ማንደጃ ሆኖ ይመለስልናል። መለየቱንማ እናውቅበታለን። የለየነውን አንድ ላይ የሚደባልቀው ገንዳው ነው።

«ማቃጠያ ተክለናል» ይላሉ። ምን ሊቃጠልበት? የረጲው ኃይል ማመንጫ በነሐሴ 2010 ሲመረቅ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ አቃጥሎ ይፈጃል ተብሎ ነበር። ከየቤታችን የሚወጣው ግን አብዛኛው የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ ነው። ክረምት ላይ ክፍት ገንዳ ዝናብ ጠጥቶ፣ ጥቁር ውሃው አስፋልቱ ላይ ሲንጠባጠብ ያየ ሰው ይረዳዋል፤ እሳቱ መብራት ሳይሰጥ ውሃውን በማትነን ይደክማል። ልጣጩን ለኮምፖስት አውጡት፣ እሳቱም ያርፋል።

«እንግዲያውስ ሌላ መጣያ ቦታ እንፈልግ።» ሰንዳፋ ሄዳችሁ አልነበር? መጣያው በ2008 ተከፈተ፤ ገበሬው የከተማውን ሽታና ፍሳሽ አልሸከምም አለ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ተዘጋ፤ የቆሻሻ መኪናውም ወደ ነባሩ መጣያ፣ ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 የቆሼ ክምር ተናደ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። እዚህ ላይ ተረብ የለም።

«ቤት ለቤት ቆሻሻ የሚሰበስቡት የማህበር ልጆች ለይተው አያመጡም» የሚለውን ግን አልቀበልም። የሚከፈላቸው ባመጡት መጠን ከሆነ፣ ደባልቆ መሙላት ነው የሚያዋጣቸው። ለይቶ ላመጣ ጨምራችሁ ክፈሉና እዩ! ጓንት ስጧቸው። የተሰበረ ብርጭቆና መርፌ ያለበትን ፌስታል በባዶ እጅ የሚፈታ ልጅ፣ ሀይላንዱን ከሽንት ጨርቁ ለይ ቢባል በምን አንጀቱ?

እኛም የቆሻሻውን ከውሃ ሂሳብ ጋር እየከፈልን ነውና እንጠይቃለን፦ ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ጆንያ፣ አንዱ ለርጥቡ፣ አንዱ ለደረቁ፤ መኪናውም በተለያየ ቀን ይምጣ። ይህ በፕላኑ የመጀመሪያ ገጽ ካልተጻፈ፣ የሌላ ማሽን ግዢ አትፈርሙ።