የአብሲት ጉዳይ፦ በጓዳ ኬሚስትሪ ላይ የተደረገ ጥናት

የዚህ ጥናት ዓላማ ያለ በጀትና ያለ ነጭ ጋዋን ሥራውን የቀጠለውን ቤተ ሙከራ፣ ማለትም ጓዳን፣ መመርመር ነው። ለምርምሩ የተመረጠው የጤፍ ሊጥ ሲሆን ዋና ተመራማሪዋ የቤቱ እመቤት ናቸው። ማዕረግ የላቸውም፤ ሰፈሩ ግን «ባለሙያ» ይላቸዋል።

መሣሪያዎቹ ቡሃቃ፣ ምጣድ፣ አክንባሎ፣ ሰፌድና አንድ ጣት ናቸው። ጣቱ የአሲድ መለኪያ ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ አሲድ ሲነካው የሚቀላው ሰማያዊ ሊትመስ ወረቀት ነው፤ እዚህ የሚለወጠው የተመራማሪዋ ፊት ነው። በደንብ የቦካ ሊጥ ፒኤች ወደ 4 ገደማ ይወርዳል። እሳቸው ይህን ውጤት «ደርሷል» ብለው ይመዘግቡታል። እ.ኤ.አ. በ1960 የጸደቀው ዓለም አቀፍ የመለኪያ ሥርዓት «እስኪበቃው ድረስ» የተባለውን የውሃ መጠን ሳያካትት መቅረቱ እስካሁን ማብራሪያ አልተሰጠበትም።

ቡኮው የሚጀመረው በእርሾ ነው። ሕያው ናሙና ከቤተ ሙከራ ወደ ቤተ ሙከራ ሲተላለፍ ፎርም ይሞላል ይባላል። በሰፈራችን አንድ ኩባያና የግማሽ ሰዓት ወሬ ይበቃል። የኬሚካዊ ለውጥ ፍጥነት ከሙቀት ጋር ይጨምራል የሚለው ሕግ ደግሞ በሐምሌ የአባወራውን ጋቢ ለቡሃቃው ያስፈርዳል። የአባወራው ብርድ ከጥናቱ ወሰን ውጭ ነው።

ዋናው ግኝት አብሲት ነው። ጤፍ ግሉተን ስለሌለው እንደ ስንዴ ጋዙን አፍኖ የሚይዝበት መረብ የለውም። ስለዚህ ከቦካው ሊጥ ጥቂት ተቀንሶ፣ በውሃ ቀጥኖ እሳት ላይ ይጣዳል። ስታርቹ በሙቀት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይወፍራል፤ ሲበርድም ወደ ሊጡ ይመለሳል። በዚህ ጊዜ ሊጡ ይያያዛል፣ የእርሾው ረቂቅ ተሐዋስያንም የበሰለ ምግብ ያገኛሉ፣ ቡሃቃው ኩፍ ይላል። በኋላ እንጀራው ምጣዱ ላይ ዓይን የሚያወጣው ይኸው የታፈነ ጋዝ ከእንፋሎቱ ጋር ሽቅብ ሲወጣ ነው። አብሲቱ እየፈላ ከተመለሰ ግን ተሐዋስያኑ ያልቃሉ። ይህ በጽሑፍ ሳይሆን በቁጣ የሚተላለፍ ዕውቀት ነው።

(አሜሪካ ያሉ አንዳንድ ወገኖች ሰልፍ ራይዚንግ ዱቄት ቀላቅለው ቀኑን ያሳጥራሉ። ቤኪንግ ፓውደሩ ጋዙን ይሰጣቸዋል፤ ኩምጣጤውን አይሰጥም።)

በጥናቱ ወቅት በዚያው ቤት አንድ ተማሪ ለፈተና ሲዘጋጅ ታይቷል። ጀርባውን ለቡሃቃው ሰጥቶ «አንድ ግሉኮስ ሁለት ኢታኖልና ሁለት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል» እያለ ይሸመድዳል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በበኩሉ ክዳኑን እየገፋ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ሊጡን እየው እስቲ፣ እንዳይገነፍል!»

«እማዬ፣ ኬሚስትሪ እያጠናሁ ነው እኮ!»

ውጤቱ በመጨረሻ ለገለልተኛ ገምጋሚ፣ ለአማት፣ ቀርቧል። ገምጋሚዋ እንጀራውን ከጫፉ አንስተው ወደ ብርሃን አዩት፣ ጀርባውን ገለጡት፣ ቆረስ አድርገው ቀመሱ። ከዚያም «ጤፉን ከየት ነው የገዛችሁት?» ሲሉ ጠየቁ። በዘርፉ ልማድ ይህ ጽሑፉ ተመልሷል ማለት ነው። ተመራማሪዋ ያለ ምንም ክርክር ቡናውን ጨምረው ቀዱ።