የጋሽ በየነ ካፖርት

«ብርድ ለጤና ጥሩ ነው» የሚለኝን ሰው መጀመሪያ የማየው የለበሰውን ነው። የኮንዶሚኒየማችን ኮሚቴ ሊቀመንበር በታኅሣሥ ማለዳ፣ ጃኬት ላይ ጋቢ ደርበው፣ ከዘበኛችን ከጋሽ በየነ ጋር በሩ ላይ ቆመዋል።

— ጌታዬ፣ የካፖርቱ ነገር...

— እሱን ልነግርህ ነው የመጣሁት። ቡናማ ስብ ታውቃለህ?

— ቡና ነው ያሉኝ?

— ቡናማ! ነጩ ስብ እንደ ዕቁብ ሰብሳቢ ያጠራቅማል፤ ቡናማው ያቃጥላል። ሕፃን ሲወለድ ትከሻው መሃል ይዞት ይመጣል፣ እሱ ነው የሚያሞቀው። ትልቅ ሰው ላይ ይጠፋል ሲባል ኖሮ፣ በ2009 በፈረንጆቹ፣ ኔዘርላንድስ ውስጥ 24 ወንዶችን 16 ዲግሪ ላይ አስቀምጠው ቢያዩ በ23ቱ ላይ ሲሠራ ተገኘ!

— አንዱ ካፖርት ለብሶ ይሆናላ።

— አትቀልድ። እነሱ በማሽን ያመጡትን ብርድ አንተ እዚህ በነፃ ታገኘዋለህ። ብርድ ሲነካህ አንጎልህ ውስጥ ሃይፖታላመስ የሚባለው ይነቃል። በነርቭ በኩል ኖርአድሬናሊን ይልካል፣ ስቡን የሚለኩሰው እሱ ነው። ከሥሩ ደግሞ አተር የምታህል ዕጢ አለች፣ ፒቱታሪ። እሷ ለታይሮይድ ደብዳቤ ትጽፋለች፤ ያ እንቅርት የሚያወጣው ዕጢ ማለት ነው...

— በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ!

— ...ግልባጭ ለአድሬናል። ታይሮይድ የላከው ሆርሞን ቡናማው ስብ ውስጥ ሲገባ እዚያው ይጠነክራል። ስቡ ይነዳል፣ ግን ሙቀት እንጂ ሌላ ሥራ የለውም።

— እንደ ግቢያችን ጀነሬተር።

— ጀነሬተሩን ተወው፣ ኦዲት ላይ ነው። ብርድ የለመደ ሰው ቡናማ ስቡ ይበረታል። ካፖርት ብንገዛልህ ፒቱታሪህን ሥራ እናስፈታታለን።

— ሃያ ዓመት ደጅ ሳድር ሥራ ላይ ነበረቻ!

— ይኸው፣ ቦርጭ አለህ?

— እሱ በደሞዜ ነው ጌታዬ።

— አንድ ችግር ብቻ አለው፣ ብርድ ያስርባል። ያቃጠልከውን መልሰህ ትበላዋለህ። እኔ ባለፈው በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቤ ሁለት ዱለት በላሁ፤ ያን ቀን ተውኩት። አንተ እንኳ አያሰጋህም፣ በሌሊት ዱለት ቤት የለም።

ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ገቡ። ለካፖርቱ ኅዳር ላይ ከየቤቱ 50 ብር አዋጥተናል፤ 120 አባወራ ነን።