አፍ ለወሬ፣ እጅ ለሥራ

በዚህ ከተማ «ማሳጅ እሠራለሁ» ያለች ሴት የሰው ሁሉ ምላስ ይከፈትባታል። ባለትዳርና የልጆች እናት ከሆነች ደግሞ ምላሱ እጥፍ ነው። እኔ የምሠራው ከምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ሥር፣ ከሱቆቹ መሃል በተከራየኋት አንዲት ክፍል ነው። ፎቅ ላይ ልጆቼ፣ ምድር ላይ ደንበኞቼ፣ መሃል ደረጃው ላይ ደግሞ ተረበኛ። ሰምቼ ዝም አልልም። ዝም ካልኩ ልጆቼ «እናታችን የምታፍርበት ሥራ ነው የያዘችው» ብለው ያስባሉ። ስለዚህ ለሁሉም መልሱ ይኸውና።

«ማሳጅ? ገባን፣ ገባን! ምን ዓይነት ማሳጅ?»

የወገብ፣ የትከሻ፣ የአንገትና የባት። ሌላ የገባህ ነገር ካለ ይዘኸው ነው የመጣኸው፤ ከኔ ክፍል አልወጣም። ማታ በሦስት ሰዓት ደውሎ «ሌላስ አገልግሎት የለም?» ለሚለውም መልስ አለኝ፦ አለ፣ ስልክ መዝጋት! በማሳጅ ስም ሌላ ነገር የሚነግድ መኖሩን አውቃለሁ። እሱ ባጠፋው ግን እኔ አንገቴን አልደፋም። ደንበኛዬ በአንሶላ ተሸፍኖ ይተኛል፤ የሚገለጠው በዚያች ሰዓት የሚታሸው ቦታ ብቻ ነው። ፈቃዴ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ማንበብ የሚችል ያንብብ፣ ማንበብ የማይፈልግ ወደመጣበት ይመለስ።

«ከቤትሽ ሥር ሆነሽ ምኑ ሥራ ይባላል? ነይ ቡና ጠጪ፤ አቦሉ ላይ ብቻ ድረሺ!»

እትዬ፣ ቡናዎን እወዳለሁ፣ እርስዎንም እወዳለሁ። ግን የደንበኛዬን ግራ ትከሻ አሽቼ ቀኙን ለበረካ ላቆይለት? ቢሮ የምትሠራ ልጅዎን በአራት ሰዓት ደውለው ለቡና አይጠሯትም። የኔም ሥራ በር አለው፤ በሩ ሲዘጋ እኔ የለሁም። ቅርብ መሆኔ ባዶ እጄን የተቀመጥኩ አያስመስለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ጀበናው ይጣድ፣ እስከ በረካ እቀመጣለሁ።

«ለአንድ ሰዓት ማሸት ይኼን ሁሉ ብር?»

ጋሼ፣ የሚከፍሉት ለሰዓቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ የግድግዳውን ሰዓት አስይዤዎት እሄድ ነበር። እርስዎ ከመግባትዎ በፊት የሌላውን ሰው አንሶላ አንስቻለሁ፣ አልጋውን ወልውያለሁ፣ እጄን እስከ ክርን ታጥቤያለሁ። የደም ግፊት እንዳለብዎ፣ ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና አድርገው እንደሆነ ጠይቄ ጽፌያለሁ። እርስዎ ሲወጡ ፎጣው ይታጠባል፤ ውሃ በፈረቃ ነውና ሌሊት ተነስቼ የማጥብበት ቀን አለ። ኪራይ አለ፣ ዘይት አለ፣ ግብር አለ። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ አውራ ጣቴ አለ። በዚህ ሥራ ቶሎ የሚጎዳው እሱ ነው። አልጋው ከፍ ካለ ትከሻዬ ያልቃል፣ ዝቅ ካለ ወገቤ፤ ስለዚህ እጄን ወደ ታች ዘርግቼ ጉልጥምቴ በሚደርስበት ልክ አስተካክየዋለሁ። የምጫነው በጣት ጉልበት ሳይሆን በክንዴና በሰውነቴ ክብደት ነው። እንዲያም ሆኖ በቀን የምቀበለው ሰው የተወሰነ ነው። ማታ ልጄን የሚያቅፈውም ይኸው እጅ ነው፤ ለእሷ የሚተርፍ ጉልበት ዋጋው ውስጥ ተቆጥሯል።

«እኛ እኮ ዘመድ ነን፤ እስቲ ትከሻዬን ነካ ነካ አድርጊልኝ!»

ይኼ የበዓል ተረብ ነው፤ ዶሮው ሳይወጣ ትከሻ ይቀርባል። ወንድሜ፣ አንተ ባንክ ነው የምትሠራው። እኔ ቤትህ ለእንቁጣጣሽ ስመጣ ነካ ነካ አድርገህ ብር ትሰጠኛለህ? ዘመድ ከሆንክ ቀድመህ ቀጠሮ ያዝ፣ በቴሌብር ክፈል፣ ከዚያ ለሌላ ዘመድ ንገርልኝ። ዝምድና ማለት ይኼ ነው። በዓል ቀን የኔም እጅ ድፎ ይቆርሳል እንጂ ጅማት አይፈታም።

«ለመሆኑ ባልሽ ምን ይላል?»

ባሌማ «ዛሬ ልጆቹን እኔ አመጣቸዋለሁ» ይላል። እሱ ተራው በሆነበት ቀን እስከ ማታ እሠራለሁ። የኔ ተራ በሆነበት ቀን በስምንት ሰዓት ተኩል በሩ ይዘጋል፣ ትምህርት ቤት በር ላይ እገኛለሁ። ጥያቄውን ደግሞ ለእሱም አቅርቡለት፦ «ሚስትህ ሥራ መሄድህን ትፈቅዳለች?» በሉት። እኔን ስትጠይቁ ያልከበዳችሁ ጥያቄ እሱን ስትጠይቁ ለምን ይከብዳችኋል?

«ለአንድ ቀን እንኳ በአሥር ሰዓት ብትቀበይኝ? ወገቤ ገደለኝ!»

ይማርዎ። ግን ይህ ወገብ ከባለፈው ክረምት ጀምሮ ያመኛል ብለውኛል፤ እስከ ነገ ጠዋት ይታገሳል። የአንደኛ ክፍል ልጅ ግን ጓደኞቹ ሁሉ ሄደው ከዘበኛው ጋር ብቻውን ቆሞ አይታገስም። ነገ በሁለት ሰዓት ተኩል የመጀመሪያዋ ቀጠሮ የእርስዎ ናት። አንዴ ለአንዱ የተከፈተ በር ለሁሉም ክፍት መሆኑን የማያውቅ ሰው በሰዓት ሠርቶ አያውቅም።

«አንቺማ የራስሽ አለቃ ነሽ፤ እንደልብሽ!»

እንደልቤ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተቀጥራ ለምትሠራ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90፣ በድምሩ 120 ቀን ከነደመወዝዋ ሰጥቷታል። ለአባትም 3 ቀን አለው። እኔን ግን የቀጠረኝ የለምና የሚከፍለኝም የለም። ታናሹን ስወልድ የአራስነቴን ገንፎ ያበላኝ ከየቀጠሮው እየቆረጥኩ በዕቁብ ያስቀመጥኩት ብር ነው። አዎ፣ አለቃ ነኝ። የወሊድ ፈቃዷን ራሷ አጠራቅማ ለራሷ የምትሰጥ አለቃ። ይህን ሥራ ልትጀምሪ ያሰብሽ እህቴ፣ ከመጀመሪያው ደንበኛ ክፍያ ላይ ጀምረሽ ለይተሽ አስቀምጪ። የሚያዝንልሽ ብዙ ነው፣ ኪራይሽን የሚከፍልልሽ የለም።

«እናቶቻችን በቅቤ እያሹ አሳድገውን የለ? ይኼ ደግሞ ትምህርት ይፈልጋል?»

እናቶቻችንን ማን ይንቃል? ሕፃን አሽተው አጠንክረዋል፣ አራስ አሽተው አስነስተዋል። እኔ የተማርኩት በዋናነት የማይታሸውን ነው። አንድ እግሩ ብቻ አብጦ፣ ባቱ ሞቆና ቀልቶ «እሺልኝ» የሚለኝን ሰው አልነካውም። እዚያ የረጋ ደም ሊኖር ይችላል፤ ከታሸ ተነቅሎ ሳንባ ውስጥ ሊገባና ሊገድል ይችላል። ቀጥታ ሐኪም ቤት እልከዋለሁ። ትኩሳት ያለበትን አላሽም፤ የተሰበረ አጥንት የሚመስለውን ራጅ ሳይነሳ አልነካም። «ፅንሱ ዞሮባታልና ሆዷን አስተካክይላት» ብለው ነፍሰ ጡር ይዘው ለሚመጡም መልሴ አንድ ነው፦ ጤና ጣቢያ! ደንበኛ መልሼ የላክሁበትን ቀን እንደ ኪሳራ አልቆጥረውም።

«ይኼ የፈረንጅ ቅንጦት ነው!»

አዲስ አበባ ተቀምጠህ ነው እንዲህ የምትለው? ይህች ከተማ የተቆረቆረችው እኮ በ1879 ዓ.ም. ገደማ፣ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍልውሃ ወርደው ሙቅ ውሃውን በወደዱት በእቴጌ ጣይቱ ምክንያት ነው። ገላን ማሳረፍ ቅንጦት ከሆነ ከተማዋን መልስ! ፈረንጁስ ቢሆን? የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ በቅርብ ለጀመረ የወገብ ሕመም ከኪኒን በፊት እንዲሞከሩ ካላቸው ነገሮች አንዱ ማሳጅ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲነዳ የሚውል ሹፌር፣ ሊጥ ስታቦካና ስትጋግር የምትውል እናት፣ ሲሚንቶ የሚሸከም የቀን ሠራተኛ ወገብ የላቸውም? ለእነሱ የግማሽ ሰዓት ቀጠሮ አለኝ፤ ዋጋውም ግማሽ ነው።

«ታላቁ ሩጫን ሮጬ ሞቻለሁ፤ ዛሬውኑ አሲዱን አውጪልኝ!»

ጎበዝ፣ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር ላይ ይህ ሕዝብ ሲሮጥ ኖሯል፤ በማግስቱም ባቱን ሲይዝ ኖሯል። ያልከው አሲድ ግን ልብስህን ቀይረህ ሳትጨርስ ከጡንቻህ ውስጥ ሄዷል። አሁን የሚያምህ ያልለመደ ጡንቻህ ላይ የደረሰው ጥቃቅን ጉዳት ነው። ቀስ ብዬ አሸዋለሁ፣ ሕመሙም ቀለል ይልሃል፤ የሚያድንህ ግን እንቅልፍና ጊዜ ነው። በዚያ ላይ ዛሬ እሑድ ነው። እሑድ የልጆቼ ነኝ። ሰኞ ና።

«ልጆችሽ ነገ ‹እናታችን የሰው ገላ እያሸች አሳደገችን› ይበሉ?»

ይበሉ! ጮክ ብለው ይበሉ። የትምህርት ቤት ክፍያቸው የመጣው አንገቱን ማዞር አቅቶት ገብቶ፣ ወደ ኋላ እያየ ከወጣ ሰው ነው። ከዚህ የበለጠ ንጹሕ ብር የት አለ? ትልቋ ልጄ ፎርም ላይ «የእናት ሥራ» ከሚለው ፊት ለፊት «ማሳጅ ቴራፒስት» ብላ በደማቁ ጽፋለች። እሷ ያላፈረችበትን ደረጃ ላይ ቆሞ የሚስቅ ሰው አያሳፍረኝም። አንተም ተረበኛው፣ ወገብህ የያዘህ ቀን ና። ቂም የለኝም፤ ዋጋህም እንደማንኛውም ሰው ነው። ብቻ በሰዓትህ ና።